በሕክምና መዝገብ ላይ «በኋላ» እና «ምክንያት» ሲምታቱ

መስከረም ሲጠባ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባሉ ፋርማሲዎች ደጃፍ የፍሉ ክትባት ማስታወቂያ ይሰቀላል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ደግሞ እኔ በምሠራበት የሕክምና ኮድ ክፍል (ሐኪም የጻፈውን ሕመም ወደ ፊደልና ቁጥር መለያ የምንለውጥ ኮደሮች ያለንበት ነው) «ከፍሉ ክትባት በኋላ የመጣ ሕመም» የሚል ሐረግ የሰፈረባቸው መዝገቦች መምጣት ይጀምራሉ። ሐረጉ ሲያነቡት ሙሉ ይመስላል፤ ለኮደር ግን ጎዶሎ ነው። ሐኪሙ ስለ ጊዜ ተናገረ እንጂ ስለ ምክንያት ምንም አላለም፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የምትሠራበት አይሲዲ-10-ሲኤም የተባለው የምደባ ሥርዓት ደግሞ ኮደሩ በራሱ ግምት «በኋላ» የሚለውን «ምክንያት» አድርጎ እንዲያነበው አይፈቅድለትም። ግንኙነቱን የሚወስነውም የሚጽፈውም ሐኪሙ ነው።

ሐኪሙ ከጻፈው የእኛ ሥራ ቀላል ነው። አስቀድሞ የታየው ሕመም ይመዘገባል፤ ጊላን ባሬ ሲንድረም (የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቮች አጥቅቶ አቅም የሚያሳጣ ሕመም) ከሆነ ጂ61.0። ከዚያ ሕመሙ የክትባቱ ጎጂ ውጤት መሆኑን የሚናገረው ቲ50.ቢ95ኤ ይከተላል። እዚህ ላይ ከመጨረሻዋ ፊደል በፊት ያለችው ቁጥር 5 «ክትባቱ በአግባቡ ተሰጥቶ ሳለ ጉዳት ደረሰ» የሚለውን ትይዛለች። ጣት አዳልጧት በ5 ቦታ 1 ከተጻፈች ታሪኩ ተለውጦ በድንገተኛ ስህተት የደረሰ መመረዝ ይሆናል፤ ክትባቱን በትክክል የሰጠችው ነርስ ሳታውቀው በመዝገብ ላይ ተሳሳተች ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤ» የተባለች ፊደልም ብዙ ጀማሪዎች እንደሚመስላቸው የመጀመሪያ ቀጠሮን አታመለክትም፤ ሕክምናው ገና በመሰጠት ላይ መሆኑን እንጂ።

ባልደረቦቼ የሚከራከሩት ባብዛኛው በዚህ የቲ ኮድ ላይ ነው። እኔ ግን ከሁለቱ ኮዶች የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው ባይ ነኝ። ቲ50.ቢ95 «ሌሎች የቫይረስ ክትባቶች» የሚባል አንድ ጆንያ ነው፤ የፍሉውም የኩፍኙም የኮቪዱም ክትባት ጣጣ እዚያው ይከተታል። የትኛው ክትባት፣ የየትኛው አምራች፣ የየትኛው ምርት ቁጥር እንደሆነ ኮዱ አይነግረንም። የክትባትን ደኅንነት የሚከታተሉት ተመራማሪዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረው የክትባት ደኅንነት መረጃ ቋት፣ የክትባት መዝገብን ከምርመራ ኮዶች ጋር ያገናኛሉ፤ ከዚያም በተከተቡት ላይ ከሚጠበቀው በላይ የታየ ሕመም መኖር አለመኖሩን ይመረምራሉ። ስለዚህ የሕመሙ ስም በትክክል ካልተጻፈ የቲ ኮዱ ብቻውን ብዙም አይፈይድም።

የሕመሙ ስም የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኮደሩ ጠረጴዛ በፊት፣ ሕመምተኛው አፉን በከፈተበት ቅጽበት ነው። ኮደር ከመሆኔ አስቀድሞ በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን በስልክ ያገኘኋቸው እናት ክትባቱን ከተወጉ ሁለት ሳምንት ግድም ሆኗቸው ነበር። «ደከመኝ» አሉ። እንደወረደ ብተረጉመው እንቅልፍ ያጣ ሰው ድካም ተደርጎ እንደሚጻፍ ስለገባኝ ነርሷን አስፈቅጄ መልሼ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ሰውነትዎ ዝሎ ነው ወይስ ጉልበት አጥተው?»

«ኧረ ልጄ፣ እግሬ እኮ ከዳኝ! ትናንት ደረጃውን በሰው ተደግፌ ነው የወጣሁት። ጣቶቼንም ውርር ያደርገኛል።»

በአማርኛ አንድ የሆነው ድካም በኮዱ መጽሐፍ ሁለት ቦታ ተቀምጧል፤ መዛሉ አር53.83፣ አቅም ማጣቱ አር53.1 ነው። የመጀመሪያው ሰውን «ዕረፍት ያድርጉ» ተብሎ ወደ ቤቱ ያስመልሳል። ሁለተኛው፣ በተለይ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣና መደንዘዝ የተጨመረበት ከሆነ፣ ሐኪሙ ጊላን ባሬን እንዲጠረጥር ያስገድደዋል። የእናቲቱ ነገር በምን እንዳለቀ አላውቅም፤ አስተርጓሚ ስልኩ ሲዘጋ ታሪኩም ይዘጋበታል።

የጊላን ባሬ ነገር እንዲሁ የተነሣ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በኒው ጀርሲ በሚገኘው የፎርት ዲክስ ወታደራዊ ሰፈር የአሳማ ፍሉ በመታየቱ 45 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን ተከተቡ፤ በተከተቡት መካከል ከ100,000 ሰው አንድ ያህል ተጨማሪ ሕመምተኛ በመገኘቱ ዘመቻው በዲሴምበር ቆመ። ዛሬ በየዓመቱ በሚሰጠው ክትባት ላይ የሚገመተው ተጨማሪ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን ዶዝ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ፍሉ ራሱም ይህንኑ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ይህን ያህል ትንሽ ቁጥር ነጥሮ የሚወጣው እያንዳንዱ መዝገብ በጥንቃቄ ከተጻፈ ብቻ ነው።

ሐኪሞች «በክትባቱ ምክንያት» ብለው ለመጻፍ ሲያመነቱ አልፈርድባቸውም፤ አንድን ሕመምተኛ ብቻ አይቶ ምክንያቱን መወሰን ከባድ ነው። ችግሩ ማመንታታቸው ሪፖርቱንም አብሮ ማስቀረቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) እና የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በጋራ ወደሚያስተዳድሩት ቬርስ ወደተባለው የሪፖርት መቀበያ ለመጻፍ ምክንያቱን ማረጋገጥ አያስፈልግም፤ ጥርጣሬ ይበቃል። በቬርስ ዝርዝር ላይ ለፍሉ ክትባት ከተቀመጡት መካከል በ42 ቀን ውስጥ የታየ ጊላን ባሬና በ7 ቀን ውስጥ የታየ አናፊላክሲስ (ሕይወትን የሚያሰጋ ድንገተኛ የአለርጂ ምላሽ) አሉበት፤ እነዚህን ማሳወቅ የጤና ባለሙያው ግዴታ ነው። እኔ የማስገባው ኮድ ደግሞ ወደ ኢንሹራንስ ይሄዳል እንጂ በራሱ ወደ ቬርስ አይደርስም። «ኮድ ተደርጓል» ሲባል «ሪፖርት ተደርጓል» የሚመስላቸው ብዙ ሐኪሞች አጋጥመውኛል።

በተቃራኒው የሚሠራው ስህተትም ቀላል አይደለም። ክንዱን ሁለት ቀን ላመመው ሰው በአለርጂ ዝርዝሩ ላይ «የፍሉ ክትባት» ብሎ መጻፍ የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው፤ ከዚያ ግን ዜድ88.7 የምትባለው ኮድ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተከተለችው፣ ሰውየው በየዓመቱ ክትባት ይከለከላል።

እ.ኤ.አ. የ1986ቱ የክትባት ጉዳት ሕግ ከታቀፉት ክትባቶች አንዱን የሚሰጥ ባለሙያ ቀኑን፣ አምራቹን፣ የምርት ቁጥሩንና የራሱን ስምና ማዕረግ እንዲመዘግብ ያዛል። ፍሉም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በክትባት ለተጎዱ ሰዎች ካሳ በሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን የሚበዛው አዋቂ የሚከተበው በፋርማሲ ስለሆነ መዝገቡ እዚያ፣ ሕመምተኛው እዚህ ይሆናል። በጊላን ባሬ ለካሳ የሚያመለክት ሰው ምክንያቱን ራሱ ከማስረዳት ለመዳን ሕመሙ ከክትባቱ በኋላ ከ3 እስከ 42 ባሉት ቀናት መጀመሩን ማሳየት ሲኖርበት፣ «ከክትባት በኋላ» የምትለው ያለ ቀን የተጻፈች ሐረግ ምን ትጠቅመዋለች? የአገሬ ሰው ፋርማሲው የሰጠውን ወረቀት አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ያኖራል፤ እኔ ራሴ ያየኋቸው ብዙ ናቸው። ድንገተኛ ክፍል የምትቀበለው ነርስ ሌላው ሁሉ ቀርቶ «ወረቀቱን ይዘውታል?» ብላ ትጠይቀው፤ የምርት ቁጥሩና የተከተበበት ቀን እዚያ ላይ ተጽፏል።