ሣሩ ከመነቀሉ በፊት ውኃው ይለካ

የውኃ እጥረት በመጣ ቁጥር በከተማ ውስጥ ቀድሞ ጥፋተኛ የሚባለው ሣር ነው። አሜሪካ ውስጥ የኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ፣ በላስ ቬጋስ አካባቢ ለዕይታ ብቻ የተተከለ ሣር ከ2026 መጨረሻ በኋላ በኮሎራዶ ወንዝ ውኃ እንዳይጠጣ ከልክላለች። በረሃ ላይ ለቆመ ከተማ ውሳኔው ተገቢ ነው። ይህን አይቶ "የትም ቢሆን ይነቀል" ማለት ግን ስህተት ነው፤ ውኃውን የሚያባክነው ከሣሩ ይልቅ አጠጣጡ ነውና።

የሣር ሥነ ምኅዳር ተመራማሪዎች የሣርን ጥም በግምት አይናገሩም። ሣሩን ከነአፈሩ በትልቅ ዕቃ ተክለው ይመዝኑታል፤ መሣሪያው ላይሲሜትር ይባላል። ዝናብም መስኖም በሌለበት ቀን ከአንድ ካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ከቀነሰ፣ አንድ ሊትር ወይም አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ ወደ አየር ሄዷል ማለት ነው። እንደ ሰርዶ ያሉ የሞቃት አየር ሣሮች ከቀዝቃዛ አየር ዝርያዎች ባነሰ ውኃ እንደሚቆዩ የታወቀውም በዚህ ዓይነት ልኬት ነው።

የውኃ መርጫውን ሰዓት የሚሞላው ሰው ዘንድ ግን ይህ ዕውቀት አልደረሰም። በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይረጫል፤ የሚርሰው የአፈሩ ገጽ ብቻ ነው። ሥሩም እርጥበቱ ባለበት፣ ላይ ላዩን ይቀራል። ፀሐይ ሲበረታ ሣሩ ይጠወልጋል፣ ሰውየውም ደቂቃ ይጨምራል።

ፍተሻው ቀላል ነው። አፋቸውና ታቻቸው እኩል የሆነ አሥር ጣሳዎች ሣሩ ላይ በየቦታው ይቀመጡ፤ መርጫው 15 ደቂቃ ይሥራ፤ በየጣሳው የተጠራቀመው በማስመሪያ ይለካ። አንዱ ጣሳ 2፣ ሌላው 8 ሚሊ ሜትር ከያዘ የመርጫው አፍ ተዘግቷል፣ ዘሟል ወይም ግፊቱ አንሷል። ይህ ሳይስተካከል ደረቁን ጥግ ለማራስ ሰዓት ቢጨመር፣ ወዲያኛው ቦታ አራት እጥፍ ይጠጣል። አማካዩ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ መርጫው በሰዓት 20 ይረጫል ማለት ነው። ሸክላማ አፈር ይህን በአንድ ጊዜ መምጠጥ ስለማይችል ትርፉ ወደ አስፋልት ይወርዳል። 15 ደቂቃ አጠጥቶ፣ ግማሽ ሰዓት አሳርፎ እንደገና መክፈት ይሻላል። ቀጣዩ የማጠጫ ቀን የሚደርሰው ሣሩን ረግጠው ሲያልፉ የጫማ ዱካው ተኝቶ ሲቀር፣ ቀለሙም ወደ ግራጫ ሲያደላ ነው። ሲታጨድም ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቆረጥ፤ አለዚያ የሥሩ ዕድገት ይገታል።

ሌላው ጥፋት ከሥር ነው። የግንባታ ማሽን በደፈጠጠው አፈር ላይ የተነጠፈ ሣር ዝናብን እንደ ድንጋይ ንጣፍ ያንሸራትታል። ከመትከል በፊት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ብስባሽ ሊገባበት ይገባል፤ ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ መቼም ቢሆን ብክነት አይደለም።

ማንም የማይረግጠው በጠባብ የመንገድ አካፋይ ላይ ያለ ሣር ይነቀል፤ እዚያ መርጫው የሚያጥበው አስፋልቱን ነው። ልጆች የሚሯሯጡበትን ሜዳ ለማስነቀል በጀት ከመያዙ በፊት ግን የከተማው ውኃ ክፍል ተመራማሪውንና አትክልተኛውን እዚያው ሜዳ ላይ ያገናኝ፤ አሥር ጣሳና አንድ ማስመሪያ ይዘው።