እርማት፦ ስካነሩ ዝም ስላለ ኮዱ ንጹህ ነው ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «የድምፅ ማጫወቻውን ኮድ በፍላውፋይንደር ፈተሽኩት፣ ምንም አላገኘም፤ ደግሞስ የድምፅ ፋይል ምን ሊያደርግ ይችላል?» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው።

ፍላውፋይንደር የሲ እና ሲ++ ኮድን የሚፈትሽ ስካነር ነው፤ እንደ ስትርኮፒ (የቦታውን ስፋት ሳያይ ጽሑፍ የሚገለብጥ) ያሉ አደገኛ ፋንክሽኖችን በስማቸው ነው የሚፈልገው። የድምፅ ኮድ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ማባዛት ላይ ነው። እስቲ ይህን እይ፦ ፋይሉ በሄደሩ (ስለ ራሱ በሚናገርበት መግቢያ ክፍል) 268,435,457 ፍሬም (የድምፅ ቁራጭ) አለኝ ይላል፤ እያንዳንዱ ፍሬም 16 ባይት ነው። ብዜቱ 4,294,967,312 ይሆናል። ከ4,294,967,295 በላይ በማይይዝ የ32 ቢት ቁጥር ውስጥ ግን ሞልቶ ይፈስና 16 ብቻ ይቀራል። ፕሮግራሙ 16 ባይት ቦታ ይይዝና በአንድ ተራ ሉፕ ድምፁን እየገለበጠ ከወሰኑ አልፎ ይጽፋል። እዚያ መስመር ላይ አንድም የሚያጠራጥር ስም የለም!

ፋይሉም «ዝም ብሎ ዳታ» አይደለም። በ2018 በፖውን-ቱ-ኦውን የሃኪንግ ውድድር ፋየርፎክስ ብራውዘር የተሰበረው ሊብቮርቢስ በተባለው የድምፅ ላይብረሪ ውስጥ በነበረ እንዲህ ያለ ከወሰን ውጪ የመጻፍ ስህተት ነው።

ስካነሩን አትተው፤ ግን ኮዱን በአድሬስ ሳኒታይዘር (ፕሮግራሙ ሲሄድ ከወሰን ውጪ መጻፍን በሚይዝ መሣሪያ) ኮምፓይል አድርገህ በፈዘር (የተበላሸ ግቤት እየፈጠረ በሚሞክር ፕሮግራም) የተበላሹ ዌቭ የድምፅ ፋይሎችን ሌሊቱን ሙሉ አብላው። እኔ ከፋይል የመጣ ቁጥር የሚባዛበትን መስመር ሁሉ ቁጭ ብዬ በዓይኔ ነው የማነበው።