በከንቱ ያልተጠራ ስም

የሰሜን ሸዋ ሰው ትዕዛዝ አይጠብቅም የሚል ካለ፣ ደብረ ብርሃን በግ ተራ መጥቶ ግማሽ ቀን ይቁም። እኔ ቆሜ አይቻለሁ። ከዐሥርቱ ትዕዛዛት ሁለተኛውን፣ «የእግዚአብሔር የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለውን፣ እንደ እኛ ጠንቅቆ የሚጠብቅ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ትዕዛዙ የሚለው «በከንቱ» ነው። ከንቱ ማለት ደግሞ ፍሬ የማይገኝበት፣ ትርፍ የሌለው ማለት ነው። የእኛ ሰው ስም ሲጠራ በትንሹ አምስት መቶ ብር ያተርፍበታል። ታዲያ ከንቱነቱ ምኑ ላይ ነው?

ለልጅ ልጄ ክርስትና የሚሆን በግ ፍለጋ የወጣሁ ዕለት ቅዳሜ ነበር። ወሩም 21፣ ማርያም። ሻጩ በርኖስ የደረበ፣ ማተቡ በደንብ የሚታይ፣ ፊቱ የጨዋ ሰው የሆነ ጎልማሳ ነው። እርሻው እንዴት እንደ ሆነ ብጠይቀው ደነገጠብኝ። «ዛሬማ እንዴት በሬ ይጠመዳል ጋሼ? ሰንበት፣ በዚያ ላይ ማርያም!» አለኝ። አፈርኩ።

ማፈሬም ተገቢ ነው፤ የቆምንበት አገር ሌላ ቦታ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ የተወሰነው በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ እዚሁ ተጉለት ውስጥ፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ በተደረገ ጉባኤ ነው። ጉባኤውን ያስደረጉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሠላሳ ሦስቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩም አዝዘዋል። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው። እንግዲህ ሰውየው እርፍ ሳይጨብጥ የዋለው የዚህን ሁሉ ዘመን ሥርዓት ተሸክሞ ነው። ንጉሡ ያላሰቡት ነገር ቢኖር፣ እርፉን ያስቀመጠ እጅ በጉን ጎትቶ ገበያ ለመውጣት ነጻ መሆኑን ብቻ ነው። በእርሷ ቀን አያርስም፤ በእርሷ ስም ግን ይሸጣል። ይህ መከፋፈል ሳይሆን የሥራ ድልድል ነው።

እጄን ይዞ ላቱ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይዳብሱት፣ የመንዝ ሙክት ነው። ማርያምን! ከ14 ሺህ አንዲት ብር አልወርድም!»

አሥር እርምጃ ሄድኩ። ጠራኝ። 13 ሺህ ከ500 ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት። ሰውየው መሐላውን አፈረሰ ማለት አይደለም፤ መነዘረው እንጂ። የእመቤታችን ስም በዕለቱ ምንዛሪ 500 ብር አወጣ። ቀጥሎ «ገብርኤልን!» አለና በ13 ሺህ ከ500 ጸና። የበጉን ጥርስ አይቼ ዝም ስል ገብርኤል 800 ወረደና 12 ሺህ ከ700 ላይ ቆመ። መልአኩ ከእመቤታችን እንዴት እንደ በለጠ ሊቃውንት ይመርምሩት፤ እኔ ገበያው ያወጣውን ዋጋ ነው የማወራው። ከዚያ «የተቀበልኩት ቁርባን ይፍረደኝ!» መጣ። ቁርባኑ 700 ፈረደልኝ፤ 12 ሺህ ገባን። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እናቴ ትሙት፣ ከዚህ ወዲያ የለም» አለ።

እናት ከባድ ናት። እውነቱን ለመናገር እኔም ደነገጥኩ፤ የገንዘብ ቦርሳዬንም ማውጣት ጀምሬ ነበር። ደላላው በመሃል ገብቶ ባይገላግለን ኖሮ ሴትየዋን በ12 ሺህ እናተርፋቸው ነበር። በ11 ሺህ ከ200 ተቀበሩ። ስምንት መቶ ብር፤ ከገብርኤል እኩል። አራተኛው ትዕዛዝ «አባትህንና እናትህን አክብር» አይደል የሚለው? ከመልአክ እኩል ማድረግ እንግዲህ ምን ክብር ቀረው?

በነገሥታቱ ዘመን እናቶች እንዲህ ያለ ሸክም አልነበረባቸውም። «ምኒልክ ይሙት» ይባልና ነገር ይጸናል፤ ኋላም «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ሲባል የሚሄደው ይቆማል። ችግሩ ንጉሥም ይሞታል። ከዚህ ከአንጎለላ የተነሡት ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የሞተን ሰው ይሙት ብሎ መማል ደግሞ በተሸጠ ቤት እንደ መበደር ነው፤ መያዣ አይሆንም። ንጉሥ ሲጠፋ ሸክሙ እናት ላይ ወደቀ። አባቶችም አልተረፉም፤ የአባት አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ የማይል የእህል ነጋዴ ማግኘት ያስቸግራል። የተደባለቀውን ጤፍ «የምንጃር ማኛ ነው» ለማለት አንድ ሙሉ የአባት አጽም ያስፈልጋል።

አንዳንድ ክፉ ሰዎች በዚህ ጊዜ ወንጌል ይጠቅሱብናል። ጌታ በማቴዎስ 5 ከቶ አትማሉ ብሏል፣ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን ብሏል፣ ይህም ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ ነው ይላሉ። እናውቃለን። ግን ጥቅሱን እስከ መጨረሻ ያንብቡት። በሰማይ አትማሉ፣ ዙፋኑ ነውና፤ በምድር አትማሉ፣ መረገጫው ናትና፤ በኢየሩሳሌም አትማሉ፤ በራስህም አትማል፣ አንዲቱን ጠጉር ነጭ ወይም ጥቁር ልታደርግ አትችልምና። ሰማይ፣ ምድር፣ ኢየሩሳሌም፣ ራስ። አራት ናቸው። አሁን በበግ ተራ «ኢየሩሳሌምን!» ብሎ የማለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቼ አላውቅም። ከአራቱ አንዱን እንኳ አልነኩም። ከዝርዝሩ ውጭ ባለው ብቻ ነው የሚምሉት። በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ሕግ የሚያነብ ሰው በጠበቆች መካከል እንኳ ብርቅ ነው።

መናኸሪያውንም ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የተዘጋጀው መኪና በር ላይ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ! ሚካኤልን፣ አንድ ሰው ነው የቀረው!» ይላል። ገብታችሁ ስትቀመጡ ከእናንተ በቀር ሾፌሩ ብቻ አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላም የሚፈለገው ያው አንድ ሰው ነው። ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰውዬ ደግሞ መኪናው ሳይነሳ ስልኩን አንሥቶ «ማርያምን፣ ጫጫን አልፌአለሁ» ይላል። ቢያንስ አቅጣጫው ትክክል ነው።

ግን ሰዋችን ሁሉንም መሐላ በአንድ ዓይን ያያል ብላችሁ እንዳታስቡ። መሐላን በደረጃ በደረጃው ያውቃል። ይህን ያየሁት ገጠር ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ድንበር በተካሰሱ ጊዜ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ የድንበሩ ድንጋይ በሌሊት ሦስት እርምጃ ሄዷል። ድንጋይ መቼም እግር የለውም፤ ግን የድንበር ድንጋይ ሰኔ ሲደርስ፣ እርሻ ሲቃረብ መንቀሳቀስ ይወዳል። ኦሪት ዘዳግም የባልንጀራውን ድንበር የሚነቅለውን ይረግማል። የእኛ ሰው ደግሞ ድንጋዩን አልነቀለም፤ አስተካከለው።

ምስክሩ ፍርድ ቤት ቀረበ። እውነት ሊናገር ማለ። ዓይኑን ሳያሽ፣ ድንጋዩ ከአያቱ ዘመን ጀምሮ እዚያው እንደ ነበር ተናገረ። በሐሰት መመስከር በስምንተኛው ትዕዛዝ ብቻ ሳይሆን በ1996ቱ የወንጀል ሕግም እንደሚያስቀጣ ተነግሮት ነበር። ለሁለቱም ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ሽማግሌዎች ገቡና «እንግዲያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ፣ ታቦቱ ባለበት ማልልን» አሉት። ሰውየው እግሩን ያመው ጀመር። እሑድ አልመጣም። በሚቀጥለው እሑድም አልመጣም። በሦስተኛው ሽማግሌዎቹ ቤቱ ድረስ ሲሄዱ፣ «እኔ የዚያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፣ ድንጋዩን በደንብ አላየሁትም» አለ።

ይህን ፍርሃት ንቃችሁ እንዳታልፉት። ሰውየው እግዚአብሔርን ይፈራል፤ አድራሻውን ብቻ ነው የሚለየው። በእርሱ ቤት እግዚአብሔር ደጀ ሰላሙ ላይ አለ፤ ፍርድ ቤት ግን ገና አልተዛወረም። በግ ተራንም ጎብኝቶ አያውቅም። በዚህ ስሌት ረቡዕና ዓርብ ጠብታ ወተት ሳይቀምስ እየዋለ የጎረቤቱን ሦስት እርምጃ መሬት መዋጥ ይችላል። መሬት መቼም የጾም ነው።

ወደ በጌ ልመለስ። ማታ ቤት ስናስገባው ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሸና። ጨው አልሰውት ውሃ አጠጥተውት ኖሯል፤ የመሐላው ግማሽ በውሃ መልክ ግቢዬ ላይ ፈሰሰ። ጠዋት ባለቤቴ ጀርባውን ዳበሰችና የጎድን አጥንቱን አንድ በአንድ ቆጠረችው።

«ሙክት ነው ብሎ ማለልህ?» አለችኝ።

«ማለልኝ።»

«በማን?»

«በእናቱ።»

በጉን ለቀቀችና እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እናቱማ ከሞቱ ቆይተዋል ማለት ነው።»

የምመልሰው አጥቼ ቆሜ ሳለ ጎረቤታችን በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ በጉን አየውና ስንት እንደ ገዛሁት ጠየቀኝ። ባለቤቴ ዞራ አየችኝ።

«ማርያምን፣» አልኩት፣ «ዘጠኝ ሺህ ብቻ።»