ፕላን ላይ የቆጠብነውን ሶሌታ ላይ እንከፍለዋለን

ታላቅ ወንድሜ ጂ ፕላስ ዋን ቤቱን ሲያሠራ ያየሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ደረጃውን ስትወጡ ዘጠነኛው መርገጫ ላይ ግንባራችሁ ከቢሙ፣ ማለትም ከአግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ ጋር ይጋጫል። ኮንክሪቱ ደርቋል። ግማሹን ደረጃ አፍርሶ፣ አቅጣጫውን አዙሮ እንደገና ከማስሞላት ሌላ መላ አልነበረም። የሲሚንቶው፣ የፌሮው፣ የቀን ሠራተኛው ሒሳብ ሁለቴ ተከፈለ፤ የፍርስራሹ ማስጫኛ ደግሞ ተጨመረበት። ፕላኑ ከጎረቤት የተኮረጀ ነበር። የጎረቤቱ ግቢ ግን በስፋትም በበር አቅጣጫም ከእሱ ይለያል።

ብዙዎቻችን ፕላን የምናሠራው ለግንባታ ፈቃድ ብለን ነው። ፈቃዱ ከወጣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ የቀረውን ፎርማኑ ቦታው ላይ ይወስናል። ለአርክቴክት የሚከፈል ብር የባከነ የሚመስለን ለዚህ ነው።

ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ላሳያችሁ። አምዶቹ የት እንደሚቆሙ የሚታሰበው ገና ክፍሎቹ ሲደለደሉ ነው። በሁለት ድጋፍ መካከል ያለው ርቀት ከ4 ሜትር ወደ 6 ሜትር ቢሰፋ፣ ቢሙን ወይም ሶሌታውን (ጠፍጣፋውን የወለል ኮንክሪት) የሚያጎብጠው ኃይል 2.25 እጥፍ ይሆናል። ያንን ለመቋቋም 15 ሳንቲሜትር ይበቃው የነበረ ሶሌታ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ በ100 ካሬ ሜትር ላይ 5 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይጨምራል። ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ብንይዝ 18 ኩንታል መሆኑ ነው። አሸዋውንና ጠጠሩን፣ ይህን ክብደት የሚሸከመውን መሠረትም ገና አልቆጠርኩም። ሰፊ ሳሎን የሚፈልግ ይሥራ፤ ግን ዋጋውን ቀድሞ አውቆ ይወስን።

ፌሮም እንዲሁ ነው። አንድ በርጋ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ዘንግ፣ 12 ሜትር ነው። የሚፈለገው ቁራጭ ልኩ 3.10 ሜትር ከሆነ ሦስት ቁራጭ ወጥቶ 2.70 ሜትር ይተርፋል፤ 3 ሜትር ቢሆን አራት ይወጣው ነበር። ኮሪደሩንም እዩት፦ 1.20 በ8 ሜትር የሆነ መተላለፊያ 9.6 ካሬ ይበላል፣ አንድ መኝታ ቤት ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ የከፋ ነገር አለ። ባለቤቱ ዕቃ ያቀርባል፣ ኮንትራክተሩ በእጅ ዋጋ፣ ማለትም ለጉልበቱ ብቻ እየተከፈለው ይሠራል። ፌሮ ቢባክን ከኮንትራክተሩ ኪስ የሚወጣ ነገር የለም። ዝርዝር ሥዕልና የሥራ መጠን ዝርዝር ከሌለ ባለቤቱ «ይህ ሁሉ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅበት መሠረት አይኖረውም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆነው በስልክ ቤት የሚያሠሩ ዘመዶቻችን ጉዳታቸው የበረታው በዚህ ነው። ግድግዳ ወረቀት ላይ ሲነሳ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ከተለሰነ በኋላ ሲነሳ ግን ብሎኬቱ፣ ልስኑና የኤሌክትሪክ መስመሩ አብረው ይሄዳሉ።

ወንድሜ አሁን ከጓሮ ሰርቪስ ቤት ሊሠራ ነው። ዘንድሮ ያመጣት አርክቴክት ሜትር ከመዘርጋቷ በፊት ዝናብ ሲዘንብ ውኃው የት እንደሚተኛ፣ ጠዋት ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ጠየቀችው። ከዚያ ማዕድ ቤቱንና መጸዳጃውን ከአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ አደረገቻቸው። 14 ሜትር ሊሄድ የነበረው የፍሳሽ መስመር 5 ሜትር ላይ ቆመ።