ክሩን እኔ እችላለሁ

ኑሮ ተወደደ፣ የእጅ ሥራ እንኳ የሀብታም ጨዋታ ሆነ እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ባሕር ዳርን አያውቋትም። እዚህ ከተማ ውስጥ ኪሮሽ ሳይጨብጡ፣ አንዲት ቱባ ክር ሳይገዙ፣ ወስፌ ጣታቸውን ሳይወጋቸው ቤታቸውን ከበር መጋረጃ እስከ ቴሌቪዥን ልብስ በእጅ ሥራ የሞሉ ሊቃውንት አሉ። ስለ ቁጠባ መማር የሚፈልግ ወደ ባንክ አይሂድ፤ ከእነሱ ጋር ቡና ይጠጣ። ቡናውን ግን እሱ ያፍላ።

ሊቃውንቱ የደረሱበት ግኝት ቀላል ነው። ሰው የሚወደውን ሲሠራ አይደክመውም፤ ካልደከመው ደግሞ ምን ተብሎ ይከፈለዋል? ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ በእጅ ሥራ ለመደሰት ዋናው የሚያስፈልገው ዕቃ ክር አይደለም፤ ክር ያላት ጎረቤት ናት።

ታላቅ እህቴ እንዲህ ያለች ጎረቤት ናት። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ዳንቴል ትሠራለች። ደመወዟ ከወር ወር ስለማያደርሳት የክር ነገር ሁልጊዜ በዘዴ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ተራ ትገባና ሹራብ ታነሳለች፤ ቀለሙን ወይም ልኩን ግን አታይም። ገልብጣ የጎኑን ስፌት ነው የምትመረምረው። ጎኑ ተቆርጦ በኦቨርሎክ የተዘጋ ከሆነ ቦታው ትመልሰዋለች፤ እንዲያ ያለው ሲተረተር በየረድፉ ጫፍ ላይ ይበጠሳል፣ ትርፉ ብጥስጣሽ ነው። ቅርጹን ይዞ ተሠርቶ ጎንና ጎኑ በክር የተጋጠመ ካገኘች ግን ዓይኗ ይበራል። መጋጠሚያውን ትፈታና ጫፉን ይዛ ስትስበው ሹራቡ እንደ ሰፈር ወሬ ሳይቋረጥ ይመጣላታል። ክሩ በወንበር መደገፊያ ላይ ይጠመጠማል፣ እንዳይወሳሰብ እዚህም እዚያም ይታሰራል፣ ለብ ባለ ውሃ ይነከራል። ተጨማትሮ የኖረው እንዲቃና ደግሞ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ከታቹ ይንጠለጠልበትና በረንዳ ላይ ያድራል። ሲደርቅ በልቃቂት ይጠቀለላል። ኪሮሿም ከሱቅ የመጣ አይደለም፤ ጫፉ በሞረድ የተቀረጸ የሳይክል ራጂ ነው። ሳይክል በሞላበት ከተማ ራጂ ብርቅ አይደለም።

ይህ ሁሉ ልፋት ነው የሚል አንባቢ ካለ ተሳስቷል። ጎረቤታችን እትየ አንድ ቀን በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ጉዳዩን በአጭሩ ዘግተውታል፦ «ቁጭ ብላ እኮ ነው የምትሠራው!» እውነት ነው። ዳኛም ቁጭ ብሎ ነው የሚፈርደው፣ ሹፌርም ቁጭ ብሎ ነው የሚነዳው። የእነሱ ደመወዝ ሳይታሰብበት የገባ ስህተት መሆን አለበት።

እትየ ፍርዳቸውን እንደሰጡ ትእዛዛቸውን አስከተሉ። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ሲፈታ ለእኔም ሶፋ አንዲት ነገር ጣል አድርጊበት። ክሩን እኔ እችላለሁ።» አንዲቷ ነገር የሦስቱ ሶፋ መደገፊያ ናት። የክንዶቹም አለች፣ የጠረጴዛውም፣ የቡፌውም፤ ክር ከተረፈ ደግሞ የፍሪጁ። ቀለሙ ከመጋረጃው ጋር መሄድ አለበት፤ መጋረጃው ገና አልተገዛም። ክሩስ? ክሩ ከዚያን ቀን ወዲህ ተጠርቶም አልመጣም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ የተረተው ሰው የሰው ዳንቴል በእትየ ቡፌ ላይ ሲያምር ቢያይ ተረቱን ይመልስ ነበር።

አያቶቻችን ወንፈል የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው፤ ዛሬ ያንተን እናርማለን፣ ነገ የኔን። ደቦም ነበራቸው፤ ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ያቀርባል። ምስኪኖች፣ ሁለቱም ወገን ሲከስር ኖረ! የዛሬዎቹ ሊቃውንት ከወንፈሉ «ነገ የኔን» የሚለውን፣ ከደቦው ደግሞ ጠላውን አስወጥተው ሥርዓቱን አዘምነውታል። የቀረው ንጹሕ ሥራ ነው፤ እሱንም ሌላ ሰው ይሠራዋል።

ልማዱ ከየት መጣ ብዬ ሳስብ የከተማችን ታሪክ ትዝ ይለኛል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ የተተከለው በጣሊያን የጦር ካሳ ነው። ጨርቅ በሌላ ሰው ሒሳብ ማግኘትን ገና በልጅነቷ የለመደች ከተማ ናት ማለት ነው። (ጣሊያን ግን ዕዳ ነበረባት። እህቴ እትየን መቼ እንደወረረቻቸው እያጣራሁ ነው።)

ከክር ወደ ሣር ስንሄድ ደግሞ ሊቅነቱ ይረቃል። ቅዳሜ ገበያ የስፌት ዕቃ የሚሸጡበት ጥግ ቆሞ ማየት ነው። አንዱ ሰፌዱን ያነሳል፣ ወደ ፀሐይ አቅንቶ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ቂጡን በጣቱ ያንኳኳል፣ ያጣው ጉድለት ሲያበሳጨው «ዞሮ ዞሮ ሣር እኮ ነው!» ይላል። ሻጭዋ ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶና አክርማ ፍለጋ ሜዳ ለሜዳ የዞረችውን፣ አድርቃ፣ ከፊሉን ቀልማ አለላ ያደረገችውን፣ ወስፌ እየወጋች ዙር በዙር ያሳደገችውን አልቆጠረም። ለምን ይቆጥራል? ሣሩን እግዜር ነው ያበቀለው። ሰውየው ሲመለስ ግን የጣና ዓሣ ጥብስ በልቶ የተጠየቀውን ይከፍላል፤ «ዞሮ ዞሮ ውሃ ውስጥ ያደገ ነው» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ዘጌም ያው ነው። ከጀልባ ወርዶ በቡናው ጥላ ሥር ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ዳር ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች ይሸጣሉ። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ታንኳ ነው፤ አፍንጫው እንደ ትልቁ ቀና ያለ፣ ማሰሪያው ሳይቀር በቦታው ያለ። የኛ እንግዳ ለጀልባው ሳይከራከር ከፍሎ የመጣ ሰው ነው፤ እዚህ ሲደርስ ግን ድንገት የሀገር ልጅነቱ ይነሳበታል። «ለፈረንጅ ነው እንዴ ዋጋ የምትነግረኝ? ደንገል እኮ ነው፣ ጣና ዳር ሞልቷል!» ሞልቷል ብሎ ሲፈርድ ዘወር ብሎ ዳርቻውን አላየም፤ ደንገሉ ከስንቱ ቦታ እየሳሳ እንደሄደ የሚያውቀው የሚያጭደው ሰው ነው። ያ ሣር ትልቅ ሆኖ ሲታሰር ከነማገዶው ሐይቁን ያሻግራል፣ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ደግሞ እንደገና ይሠራል። እንግዳችን ግን ትንሿን አንስቶ ፎቶ ይነሳና መልሶ ያስቀምጣታል። የእጅ ሥራ በነፃ መደሰት ማለት ይህ ነው።

ፎቶ ካልኩ አይቀር በየባዛሩ የሚዞሩትን ባለ ስልክ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው። የዳንቴሉን አበባ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን ያነሱታል፤ «ቤት ሄጄ ራሴ እሞክረዋለሁ» ይላሉ። ስልካቸው ውስጥ ያለው ዳንቴል ቢዘረጋ ከሽምብጥ እስከ ዓባይ ድልድይ ይደርሳል። አንድ ሜትር ክር አልባከነበትም።

እትየን ልጨርስ። እንጀራ እየጋገሩ ለሰፈር ይሸጣሉ፤ እጃቸው ይጣፍጣል፣ ይህን እንኳ ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ሰሞኑን እህቴ ቡና ልትጠጣ እሳቸው ዘንድ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። ሁለተኛው ሲቀዳ እህቴ ስኒዋን አስቀምጣ፦

«እትየ፣ እጅዎ ሲፈታ ሃያ እንጀራ ጣል ያድርጉልኝ። ውሃውን እኔ እችላለሁ» አለች።

«ምን?»

«ውሃውን። ከቤት ይዤ እመጣለሁ።»

«አበድሽ ልበል? ጤፉስ? መብራቱስ? ሊጡን ማን አቡክቶት? የምጣዱ ወላፈንስ፣ ወገቤስ?»

«ኧረ እትየ፣ ለእርስዎ ምን አላት! ቁጭ ብለው እኮ ነው የሚጋግሩት።»

እትየ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ እስኪያስነባቸው ሳቁ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አንቺ ልጅ፣ ጨዋታ ታውቂበታለሽ» አሏት። ቀጥለውም የቡፌው ዳንቴል ለበዓል ይደርስ እንደሆነ ጠየቋት።