ሜሲ ፕሌይ በሽምብጥ

አምና መስከረም ላይ ነው፣ አንዷ እናት ጠዋት ልጇን ስታስረክበኝ ከባጃጁ እንኳን ሳትወርድ "እትዬ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳን ሜሲ ፕሌይ ቢያረጉላቸው ደስ ይለኛል፣ ለአእምሮ እድገት በጣም አሪፍ ነው" ብላኝ እብስ አለች። እኔ ደሞ ሜሲ ስትል ያ አርጀንቲናዊው መስሎኝ ከሰአት ገበያ ወጥቼ ሁለት የፕላስቲክ ኳስ ገዛሁ። ማታ ልትወስደው ስትመጣ "እንዴት ነበር ሜሲ ፕሌይ?" አለችኝ፣ "አንድ ለዜሮ አለቀ፣ ጎሏን ያገባት ያንቺው የዛሬው ኮከብ ነው" ብዬ ልጇን ፊቷ አቆምኩት። ዝም ብላ አየችኝ። ማታ ሶስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ቪዲዮ መጣልኝ። የፈረንጅ ልጅ ነጭ ቤት ውስጥ፣ ነጭ ምንጣፍ ላይ፣ እስከ አንገቱ ሰማያዊ አረፋ ተቀብቶ ይስቃል፣ እናትየውም አጠገቡ ነጭ ሱሪ ለብሳ ትስቃለች። ሜሲ ማለት መጨማለቅ ነው ለካ! ምነው በአማርኛ ብትነግሪኝ እህቴ፣ መጨማለቅማ ስድስት ባለሙያ ነው እኮ ቤቴ የሚውለው።

ስራዬ ልጅ ማቆየት ነው። ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍልና አንዲት በረንዳ አለችኝ፣ ቢሮ የሚገቡ የሰፈር ሰዎች ጠዋት ያመጡልኛል ማታ ይወስዳሉ። ትንሿ ገና መገልበጥ እየተለማመደች ነው። በ2011 የወጣው የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፣ እኔ አዋጁን ያወኩት አንብቤ አይደለም፣ በ91ኛው ቀን ህፃኑ በር ላይ ሲደርስ ነው። ትልቁ አራት አመቱ ነው፣ "ለምን?" የሚለውን ቃል እሱ ነው የፈለሰፈው። በመሀል ያሉት አራቱ እንደ ባጃጅ ናቸው፣ መቼ እንደሚታጠፉ አይታወቅም።

እስቲ ቀኔን ልንገራችሁና ሜሲ ፕሌዩ የት እንደሚገባ እናንተው አሳዩኝ። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ልጅ ልረከብ። ሶስት ሰዓት ገንፎ ወይም ዳቦ በሻይ። ከዛ ዳይፐር፣ ከዛ ፖፖ፣ ከዛ ፖፖው ላይ አልቀመጥም ያለው ከፖፖው አንድ ክንድ ርቆ ወለሉ ላይ። አራት ተኩል ላይ ትንሿ ትተኛለች፣ እሷ ስትተኛ ትልቁ ይነቃቃል፣ እሱ ሲጮህ እሷ ትነሳለች። ስድስት ሰዓት ምሳ። ከምሳ በኋላ ሁሉም ይተኛሉ፣ ማለቴ ይተኛሉ ተብሎ ይታሰባል። ዘጠኝ ሰዓት መክሰስ፣ አስር ተኩል ላይ ፊት ማጠብ፣ ፀጉር ማበጠር፣ ንፁህ ልብስ ማልበስ፣ ምክንያቱም እናት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመጣ የምታየው ልጅ ጠዋት ያመጣችውን ልጅ መምሰል አለበት። ውሃው ደሞ በፈረቃ ነው። እኛ ጋ ሌሊት ይመጣል፣ ጠዋት ይሄዳል፣ ልክ እንደ ዘበኛ። ጣና እኮ ከቤቴ በእግር አስር ደቂቃ አይሞላም፣ ሶስት ሺህ ካሬ ኪሎሜትር የሚጠጋ ውሃ ተኝቶልሻል፣ እኔ ግን ጀሪካን ቆጥሬ ነው ልጅ የማጥበው።

የሆነው ሆኖ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሊጥ ነበር። ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ጨው፣ ጠብታ ዘይት፣ ለብ ያለ ውሃ፣ እንደ ጆሮ ጫፍ እስኪለሰልስ ማሸት ነው። ጨዉ እንዳይሻግት ያደርገዋል፣ ደሞ ልጁ እንዳይበላው ይባላል፣ ግን ይበላሉ፣ ስለዚ አይን ከነሱ ላይ አይነሳም፣ ያን ያህል ጨው ለትንሽ ሆድ መጥፎ ነው። ገና ሳፋውን አውጥቼ ዱቄቱን ስነሰንስ እናቴ ከጓዳ ወጣች። ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ የደጋ ዳሞት ሰው ናት፣ እህል ሲወድቅ አንስታ ስማ ነው የምታስቀምጠው።

"ምንድነው ይሄ?"

"ሊጥ ነው እማዬ፣ ሊጫወቱበት።"

"በእህል?" አለችኝ፣ ድምጿ ሳይጨምር። ከዛ አማተበች። "ጡር አትፈሪም? እህል እኮ ያያል!"

ቪዲዮ ላይ ያለችው ነጭ ሱሪ የለበሰች ሴት ይሄን አልነገረችኝም። እንዴት አድርጌ ነው ለእናቴ የጣት ጡንቻ ምናምን የማስረዳት? መጨረሻ ላይ ተስማማን፣ ነቀዝ የገባበት ዱቄት ይሁን፣ እሱ ከጡር ነፃ ነው፣ ነቀዙም ተጫውቶበታል። (ነፍቼ ነው ያቦካሁት፣ ለናቶቻቸው እንዳትነግሩብኝ።) ያው ከውጪ የሚመጣው ፕሌይዶ የሚባለው ባለቀለም ሊጥ እኮ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የተሰራው ለልጅ አልነበረም፣ የግድግዳ ወረቀት ላይ የሚያርፍ የከሰል ጥላሸት ማፅጃ ነበር፣ ሰዉ ቤቱን በከሰል ማሞቅ እየተወ ሲመጣ ገበያው ቀዘቀዘና በነሱ 1950ዎቹ አጋማሽ ላይ መጫወቻ ተብሎ ተሸጠ። ግድግዳ ማፅጃ የነበረው ማለት ነው፣ አሁን የኔን ግድግዳ ማን ያፅዳው?

ቀጥሎ ቀለም መጣ። የሱቁን ቀለም ፈራሁት፣ ምን እንዳለበት አላቅም፣ እነዚህ ደሞ ጣታቸው ከአፋቸው አይወጣም። ስለዚ የጓዳ ቀለም አዘጋጀሁ፣ ለቀይ ቀይ ስር ቀቅዬ ውሃውን፣ ለቢጫ እርድ በውሃ በጥብጬ። ወይ እርድ! እርድ ከልጅ ቆዳ በቀላሉ አይለቅም፣ ከነጭ ካናቴራማ ተዉት። አንዱ የሁለት አመት ልጅ ወረቀቱን ትቶ ፊቱን፣ አንገቱን፣ ሁለት እጁን እስከ ክርን ቀባ። አጠብኩት፣ በሳሙና ፈተግኩት፣ በዘይት አሸሁት፣ ፈካ አለ እንጂ አልለቀቀም። አስራ አንድ ሰዓት ላይ እናትየው መጣች፣ እኔ ጓዳ ሌላ ልጅ ሳለብስ አጋዤ ናት ያስረከበቻት፣ አጋዤ ደሞ እንደተለመደው ምንም አልተናገረችም። ማታ ሁለት ሰዓት ስልክ ተደወለ፣ ከክሊኒክ ነው፣ እናትየው እያለቀሰች "እትዬ፣ ዛሬ ልጄ ምን ሆኖ ዋለ? የወፍ በሽታ ነው መሰለኝ፣ ቢጫ ሆኗል፣ አባቱ ከስብሰባ አቋርጦ እየመጣ ነው!" ካለችኝ በኋላ ሶስት ጊዜ "እርድ ነው" አልኳት፣ አልሰማችኝም፣ አራተኛው ላይ ዝም አለች። "እርድ? የወጥ እርድ?" "አዎ የኔ ልጅ፣ ያልሺኝ ሜሲ ፕሌይ ነው።" ከጀርባዋ ሀኪሙ ሲስቅ ሰማሁት። የአይኑን ነጭ አይቶ ነው አሉ ያወቀው፣ የወፍ በሽታ ቢሆን እኮ አይኑም ቢጫ ይሆን ነበር።

ከዛ በኋላ ለሁለት ሳምንት ስለ አእምሮ እድገት ያነሳብኝ የለም።

ኮርን ስታርች የሚሉትን አንዷ ከሱፐርማርኬት ገዝታ አመጣችልኝ፣ ሁለት እጅ ዱቄት ባንድ እጅ ውሃ ይበጠበጣል፣ ስትጨብጪው ድንጋይ፣ ስትለቂው ውሃ። ልጆቹ አበዱለት። እናቴ በአንድ ጣቷ ነካ አርጋ "በስመ አብ!" ብላ ፀበል ልታመጣ ገባች። ጥራጥሬ መለየት ደሞ አንድ ቀን ብቻ ነው የሞከርነው፣ ሽምብራዋ አፍንጫ ውስጥ ገባች፣ ደግነቱ በማስነጠስ ወጣች፣ እኔ የወጣልኝ ላብ ግን እስካሁን አልደረቀም። ከሶስት አመት በታች ላለ ልጅ ጉሮሮውና አፍንጫው የምትገባ ነገር ሁሉ ከቤቴ ታግዳለች።

ግን ዋናው ጉድ ጭቃው ነው። ክረምት ገብቶ ነበር፣ ግቢው ረግርጓል፣ ልጆቹ በረንዳ ላይ ታሽገዋል። እናቴ አይታ አይታ "ጭቃውን ምነው አታስነኪያቸው? እኛ እቃቃ ስንጫወት ነው ያደግነው" አለች። እውነቷን ነው እኮ! ጎጃም ውስጥ በጭቃ ድስትና ምጣድ ሰርቶ ሳር ወጥ ያልወጠወጠ፣ በሬ ጠፍጥፎ በእንጨት ስንጣሪ ያልጠመደ ልጅ አለ እንዴ? እንሶስላ ወቅጠን እጅ እግራችን ላይ አስረን ስናድር፣ አንሶላው ቀይ ሲሆንና ስንገረፍ፣ ማን ነው ሴንሶሪ፣ የስሜት ህዋስ ጨዋታ ምናምን ያለን? ለእንቁጣጣሽ አበባ በከለር ስለን በር በር ስናንኳኳ፣ ለቡሄ ጅራፍ ስንገምድ፣ ክራፍት ምናምን ያለን የለም፣ ሳንቲም ነው የሰጡን።

ጭቃ ከጣና ዳር እንዳላመጣ ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ጥልቀት የሌለው ውሃ ዳር የምትኖረው ቀንድ አውጣ ናት ቢልሃርዚያን የምታሰራጨው፣ ትሉ ከሷ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፣ ልጅ እግሩን ነክሮ ቢያጭቀይበት ይበቃዋል። ስለዚ ከግቢው ጥግ፣ ድመትም ውሻም ከማይደርስበት፣ ንፁህ አፈር ዛቅኩ፣ ወለሉ ላይ ማዳበሪያ ዘረጋሁ፣ የወንድሜን አሮጌ ሸሚዞች ፊቱን ወደኋላ አድርጌ አለበስኳቸው፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደረሰ። አርባ ደቂቃ ድምፅ አልተሰማም። በስራዬ ታሪክ እንዲህ ያለ ፀጥታ አይቼ አላውቅም፣ ሁለቴ መተንፈሳቸውን አየሁ።

ያኔ ነው የአንዱ ልጅ አባት፣ ኢንጂነሩ፣ ሰነድ ረስቶ ኖሮ በምሳ ሰዓት ብቅ ያለው። ክራቫት አስሯል። "እትዬ፣ ይሄ ምንድነው? ልጄ በጭቃ? እኔ እኮ የምከፍለው…" አለና አቋረጠው። ምን ላርግ፣ አፌ ቀደመኝ፣ "ማድ ኪችን ነው" አልኩት። "አ!" አለ። ፊቱ ፈታ አለ። "ማድ ኪችን… እሺ… ባለቤቴ ነግራኛለች፣ ጎበዝ።" ስልኩን አወጣና ፎቶ አነሳ። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፣ ልጁ ያው ልጅ ነው፣ በአማርኛ ሲጠራ ቸልተኝነት ነበር፣ በእንግሊዝኛ ሲጠራ ካሪኩለም ሆነ። እናቴ "ምን አልሽው?" አለችኝ፣ "ጭቃ ነው አልኩት በፈረንጅ አፍ" አልኳት። "እና አልገባውም እንዴ?" አለች፣ "ኧረ ገባው፣ በደንብ ነው የገባው።"

ከዛን ቀን ወዲህ ጥበቡን አገኘሁት። ቀኔ ውስጥ ሜሲ ፕሌይ ማስገቢያ ቀዳዳ ስፈልግ ነበር፣ ለካ ቀኔ ራሱ ሜሲ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የአንድ አመት ተኩሏ ሽሮዋን በሁለት እጇ ፀጉሯ ላይ ትቀባለች፣ አፏ የሚደርሰው ሩቡ ነው። ድሮ እሮጥና እጠርግ ነበር። አሁን መጀመሪያ ፎቶ አነሳለሁ፣ "የዛሬ ሴንሶሪ አክቲቪቲ፦ በባህላዊ ግብአት የተዘጋጀ" ብዬ እልካለሁ፣ ልብ ይዘንባል። እናቴ ስትሰፋ ከስሯ ቁጭ ብለው ስንደዶ ሲበትኑባት "ክራፍት" ነው። ጀሪካን ሲገለብጡ "ዋተር ፕሌይ"፣ እሱን ግን እውነት እውነት ነው የማለቅሰው።

የወረቀት ጀልባ ሰለቸኝ ብዬም ከሃይቁ ዳር አንድ ታንኳ ሰሪ አስቸግሬ ትንሽ ደንገል አምጥቼ ነበር፣ ለየልጁ አንድ አንድ ጣት የምታክል ታንኳ አሰርንና ሳፋ ላይ ለቀቅን። ስድስቱም ሰመጡ። አራት አመቱ "ለምን?" አለ። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በኛ 1961 ከዚሁ ከጣና በተቆረጠ ደንገል ታንኳ አሰርቶ ከሞሮኮ ተነስቶ አትላንቲክን ሊሻገር ነበር፣ እሱም አልቻለም፣ ልትደርስ ስትል ፈርሳ ጥለዋት ወጡ፣ በ1962 ሁለተኛዋን አሰርቶ 57 ቀን ተጉዞ ባርቤዶስ ገባ። ይሄን ስነግረው ካሰበ በኋላ "እቴቴ፣ እሱ ሳፋው ትልቅ ነው አ?" አለኝ። የሰመጡት እኮ እኔ ገመዱን በደንብ ስላላጠበቅኩት ነው፣ ታንኳ ሰሪው ሲያስር አየሁት፣ በጉልበቱ ተጭኖ ነው።

ባለፈው ሀሙስ ኢንጂነሩ ልጁን ሊወስድ ቶሎ መጣ፣ አስር ሰዓት ላይ። ገና አላጠብኳቸውም። ልጁ የጭቃ በሬ ይዞ "አባቢ እይ" አለው። አባትየው አጎንብሶ አየው። "ሻኛው አንሷል" አለ። ሱሪውን ሰብሰብ አርጎ ማዳበሪያው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ፣ ጭቃ በጣቱ ቆንጠር አደረገ፣ "እንዲህ ነው… ቀንዱን በእንጨት አይደለም፣ በእሾህ ነው የሚሰራው፣ እሾህ የላችሁም?" ልጆቹ ከበቡት። ክራቫቱ ትከሻው ላይ ተጣለ፣ ቀጥሎ ወረደ፣ ቀጥሎ ጭቃው ውስጥ ገባ፣ አላየውም። ሞፈር ሰራ፣ ቀንበር ሰራ፣ የእናቴን ስንደዶ ማሰሪያ አደረገው፣ እናቴ ከበሩ ደፍ ቆማ "ግራኙን በሬ አግዝፈው እንጂ!" ትለዋለች። ስልኩ ሶስት ጊዜ ጠራ። አራተኛው ላይ በክርኑ ነካው፣ ባለቤቱ ናት፣ እራት ተጋብዘናል የት ነህ ትላለች።

ብድግ ብሎ ሱሪውን አየ፣ እጁን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዛ እኔን።

"እትዬ፣ ውሃ አለ?"

"ሌሊት ነው የሚመጣው" አልኩት።