«አይዝግም» በሚለው ላይ ትንሽ ልጨምር

ጽሑፉ የፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክለው መሣሪያ) ሽቦ ከማይዝግ ብረት ስለሚሠራ ሥጋት የለውም ይላል። እኔ ጎንደር ፒያሳ ሬዲዮና ሞባይል ስጠግን ነው የምውለው። እናቴም ደረቷ ላይ መሣሪያው ተገጥሞላታል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ብዙ ጊዜ ሽቦው አንድ ወጥ አይደለም። ውጪው የኮባልት፣ የኒኬል፣ የክሮምና የሞሊብዲነም ቅይጥ ነው፤ መሀሉ ብር። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ሲመታ ሽቦውም አብሮ ይተጣጠፋል፤ ያንን የሚችለው ቅይጡ ነው። ብሩ ኤሌክትሪኩን በቀላሉ ያሳልፋል። ቅይጡን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ስስ የክሮም ኦክሳይድ ነው። ሽቦውን የሸፈነው ልባስ ተቀዶ ጨዋማው የሰውነት ፈሳሽ ብሩ ጋ ከደረሰስ? ሁለት ብረት በጨው ውሃ፣ ያው ባትሪ ማለት ነው፤ አንዱ ብረት ይበላል።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ከአዘዞ የተቃጠለ ማከፋፈያ አመጣልኝ። መዳብና አሉሚኒየም አጠማዞ በፕላስተር ጠቅልሎታል። ስፈታው አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ሆኗል። ፕላስተሩ እርጥበቱን አፍኖ ያዘው እንጂ አላዳነውም!

በፔስሜከር ደግሞ ይባስ ብሎ ከቅይጡ የሚወጣው ኮባልት ራሱ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራውን ልባስ ከውስጥ ሊበላው ይችላል። ሐኪሞች ክትትል ላይ የሽቦውን ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም) የሚለኩትም ለዚሁ ነው። በጣም ከወረደ ልባሱ፣ በጣም ከወጣ ሽቦው ራሱ ይጠረጠራል። እኔም በቴስተር የምሠራው ያንኑ ነው።

እማዬ ግን ቀጠሮዋ ሲደርስ «ምን ሆኜ ነው የምሄደው?» ትለኛለች።